የሸክላው መጨረሻ ላይ የሚንጨረጨር ድምፅ፦ የአንድ ማጫወቻ መርፌ ምርጫ

የጉዳይ ጥናት

ማጫወቻው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2፣ ካርትሪጁ፣ ማለትም መርፌው የሚሰካበትና ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል፣ ሹር ኤም97ኤክስኢ ነው። ባለቤቱ ያቀረበው ጥያቄ አጭር ነበር፦ «መርፌው አልቋል፤ የትኛውን ልግዛ?» ሸክላው ሲጀምር ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ወደ መሃል፣ ወደ ወረቀቱ እየተጠጋ ሲሄድ ግን ዘፋኟ «ሰ» ወይም «ሸ» ባለች ቁጥር እንደጋለ ዘይት ይንጨረጨራል። ከቀኙ ስፒከር ይብሳል። መርፌው ከካርትሪጁ ጋር አብሮ የመጣው ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ሠርቷል። ይህ ሲባዛ ከ2,000 ሰዓት ያልፋል።

ይህን የሰዓት ብዛት ብቻ ይዞ አዲስ መርፌ ማዘዝ ይቻል ነበር፤ ደግሞም መርፌው በእርግጥ አልቋል። ችግሩ ግን አንድ ብቻ አልነበረም። መርፌ ብቻ ተቀይሮ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ቢቀር፣ አዲሱም መርፌ ያንኑ ድምፅ ማሰማቱ አይቀርም ነበር።

ምርመራው

መጀመሪያ የተሠራው ጥፋቱ ያለበትን ቦታ መለየት ነው። አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ ካርትሪጁን የያዘው ሄድሼል ከክንዱ ወለቀ። ከካርትሪጁ ጀርባ ያሉት አራት ቀጫጭን ሽቦዎች ቀለማቸው የተወሰነ ነው፤ ነጭ የግራ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊ የግራ ኔጌቲቭ፣ ቀይ የቀኝ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴ የቀኝ ኔጌቲቭ። ነጩ ከቀዩ፣ ሰማያዊው ከአረንጓዴው ጋር ቦታ ተለዋወጡ። ሽቦዎቹ በጫፋቸው ያለችው ብረት በወረንጦ ተይዛ ነው የሚነቀሉት፤ ሽቦው ራሱ ከተጎተተ ከብየዳው ይበጠሳል። ሸክላው እንደገና ሲጫወት መንጨርጨሩ ወደ ግራው ስፒከር ተሻገረ። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ፣ ኬብሉና ስፒከሮቹ ነፃ ናቸው፤ ጥፋቱ ከካርትሪጁ፣ ከመርፌው ወይም ከሸክላው ነው። ይህ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ሳይሠራ ካርትሪጅ መግዛት አይገባም።

ቀጥሎ መርፌው በሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት ተለካ። የክንዱ ቀለበት 1.25 ግራም ይላል። በዲጂታል ሚዛን ሲለካ 1.1 ግራም ሆነ። ልዩነቱ የመጣው ክንዱ መጀመሪያ ዜሮ ላይ ሲመጣጠን በደንብ ስላልተንሳፈፈ ነው። ከዚህ የከፋው ሌላ ነገር ነው። ይህ ካርትሪጅ ከፊቱ ትንሽ ብሩሽ አለው። ብሩሹ ወርዶ ሸክላውን ሲነካ ከክብደቱ 0.5 ግራም ራሱ ይሸከማል። ስለዚህ አምራቹ ለብሩሹ 0.5 ግራም እንዲጨመር ያዝዛል፤ መርፌው 1.25 እንዲያገኝ ሚዛኑ 1.75 ላይ መሆን ነበረበት። ባለቤቱ ብሩሹን አውርዶ፣ ጭማሪውን ሳያደርግ ነው ስድስት ዓመት የተጫወተበት። መርፌው ያረፈው በ0.6 ግራም ብቻ ነበር ማለት ነው፤ የተፈቀደለት ዝቅተኛው ደግሞ 0.75 ነው።

ብዙዎች ክብደት ሲቀል ሸክላው የሚጠበቅ ይመስላቸዋል። እውነታው ተቃራኒው ነው። የቀለለ መርፌ ቦዩን (የሚሄድበትን የሸክላውን ጭረት) አጥብቆ መያዝ ስለማይችል በጠንካራ ድምፆች ላይ ይዘልላል፤ ተመልሶ ሲወድቅ የቦዩን ግድግዳ ይቀጠቅጣል። ከተፈቀደው ክልል ሳይወጣ ወደ ላይኛው ጫፍ የተጠጋ ክብደት ሁልጊዜ ከቀለለው ይሻላል።

ሦስተኛው ግኝት አንቲስኬቲንጉ ዜሮ ላይ መሆኑ ነው። ክንዱ የታጠፈ ስለሆነ ሸክላው ሲዞር መርፌውን ወደ መሃል ይስባል። ይህን የሚመልሰው የአንቲስኬቲንጉ ኃይል ከሌለ መርፌው የቦዩን የውስጥ ግድግዳ ይጫናል፤ የውጪውን ግድግዳ ይለቃል። በስቴሪዮ ሸክላ የውስጥ ግድግዳው የግራውን፣ የውጪው የቀኙን ቻናል ይሸከማል። መንጨርጨሩ በቀኝ የባሰው በዚህ ምክንያት ነው።

መርፌው በመጨረሻ በ200 እጥፍ ማጉያ ታየ፤ ብርሃን ከጎን ሲበራበት በአልማዙ ሁለት ጎኖች ላይ እንደ መስታወት የሚያበሩ ጠፍጣፋ ቦታዎች ወጡ። ጠርዛቸው ስለት ሆኗል። ወደ ሸክላው መሃል በሚያየው ጎን ያለው ጠፍጣፋ ከሌላኛው በግልጽ ይሰፋል፤ አንቲስኬቲንጉ የተናገረውን ያረጋግጣል። በዓይን ወይም በጥፍር ዳብሶ መርፌን መመርመር ምንም አይነግርም፤ ያለ ማጉያ ከሆነ የተቆጠረ ሰዓት የተሻለ መመሪያ ነው።

መጨረሻው ላይ ለምን ይብሳል?

ምርጫውን የወሰነው ይህ ጥያቄ ስለሆነ በቁጥር ማየት ይገባል። ሸክላው በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ይዞራል፤ ፍጥነቱ አይለወጥም። ከመርፌው ሥር የሚያልፈው የቦይ ርዝመት ግን ይለወጣል። ከመሃል 146 ሚሊሜትር ርቆ፣ በሸክላው ዳር፣ በሰከንድ 51 ሴንቲሜትር ያህል ያልፋል። 60 ሚሊሜትር ላይ፣ በመጨረሻው ዘፈን፣ 21 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የ«ሰ» ፉጨት የሚገኝበትን 10,000 ሄርትዝ ብንወስድ፣ አንዱ ሞገድ ዳር ላይ 51 ማይክሮሜትር ቦታ ሲያገኝ መጨረሻው ላይ በ21 ማይክሮሜትር ይታጨቃል።

ተራ ክብ መርፌ ጫፉ 15 እስከ 18 ማይክሮሜትር ራዲየስ አለው። በ21 ማይክሮሜትር ሞገድ ውስጥ ገብቶ ጉብታና ጎድጓዳውን ሊከተል አይችልም፤ በላዩ ይንሸራተታል። ኤሊፕቲካል መርፌ ጎኑ ስለሚቀጥን ይሻላል፤ የኤም97ኤክስኢ ጎን አዲስ ሲሆን 5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ሲያልቅ ግን ያ ቀጭን ጎን ወደ ጠፍጣፋ ቦታ ይለወጣል፤ ባለቤቱም ሳያውቀው በተራ ክብ መርፌ፣ ያውም ስለታም ጠርዝ ባለው፣ ሲጫወት ይከርማል። የሸክላው መጀመሪያ ደህና የሚመስለው እዚያ ሞገዱ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ነው።

አማራጮቹ

ሹር እ.ኤ.አ. በ2018 የካርትሪጅና የመርፌ ምርቱን አቁሟል። ኦሪጅናል መርፌ ቢገኝ ከመጋዘን የቀረ አሮጌ ዕቃ ነው። አልማዙ አያረጅም፤ አልማዙን የተሸከመችውን ቀጭን ዘንግ፣ ካንቲሊቨሯን፣ የሚይዘው ጎማ ግን ሳይሠራም ይደርቃል። በዚያ ላይ ተፈላጊ የሆነ፣ ምርቱ የቆመ ዕቃ በሐሰት ተመስሎ ይሠራል። ይህ መንገድ በቶሎ ተዘጋ።

ሁለተኛው መንገድ በሌላ አምራች የተሠራ፣ በዚያው ካርትሪጅ ላይ የሚገባ መርፌ ነው። የጃፓኑ ጂኮ ለሹር ካርትሪጆች በጥንቃቄ የሚሠራቸው መርፌዎች አሉ። ካርትሪጁን ለሚወድ ሰው ይህ ትክክለኛ መንገድ ነው ብለን እናምናለን። ባለቤቱ ግን ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ስሙ የማይታወቅ ርካሽ መርፌ «ለኤም97 ይሆናል» ተብሎ ገዝቶ ነበር። እርሱም ተሞከረ፤ ብዙ አስተምሯል።

መርፌው ካርትሪጁ ውስጥ ሲገባ ላላ፤ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። ከፊት ሲታይ ካንቲሊቨሯ ወደ አንድ ጎን አዘንብላለች። 1,000 ሄርትዝ ባለው የሙከራ ሸክላ ሲለካ ቀኙ ቻናል ከግራው 3 ዴሲቤል አንሷል፤ ጥሩ ካርትሪጅ ከ2 ዴሲቤል በላይ ልዩነት አይኖረውም። በማጉያ ሲታይ ጫፉ ሙሉ አልማዝ አልነበረም፤ በብረት ምሰሶ ላይ የተለጠፈች ትንሽ የአልማዝ ስባሪ ነበረች። እንዲህ ያለው ጫፍ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም፣ ብዙ ጥሩ ካርትሪጆችም ይጠቀሙበታል፤ ከባድ ስለሆነ ግን ፈጣኑን ድምፅ ለመከተል ይዘገያል። በተጨማሪም ብሩሽ የለውም። በዚህ ካርትሪጅ ላይ ብሩሹ አቧራ ከመጥረግ ሌላ ሥራ አለው፤ ክንዱን ከመርገብገብ ይይዛል። ያለ እርሱ ትንሽ የጎበጠ ሸክላ ሲጫወት የስፒከሩ ትልቁ ሽፋን ያለ ድምፅ ወደፊትና ወደኋላ ሲነፍስ በዓይን ይታይ ነበር። ዕቃው ለሻጩ ተመለሰ።

ስፒከሩ እንዲህ የሚነፍስበት ምክንያት በስሌት ይገኛል። ክንዱና መርፌው አብረው እንደ ክብደትና እንደ ስፕሪንግ ናቸው፤ የራሳቸው የመወዛወዝ ድግግሞሽ አላቸው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 159ን ለጠቅላላ ክብደት (በግራም) እና ለመርፌው ኮምፕላያንስ ብዜት ስኩዌር ሩት ማካፈል። ኮምፕላያንስ የካንቲሊቨሯ ማንጠልጠያ ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ የሚገልጸው ቁጥር ነው። ውጤቱ ከ8 እስከ 12 ሄርትዝ ቢያርፍ መልካም ነው፤ ከዚያ በታች የሸክላ ጉብጠትና የእግር ኮቴ ያገኘዋል፣ ከዚያ በላይ ሙዚቃው ውስጥ ይገባል።

የዚህ ማጫወቻ ክንድ ውጤታዊ ክብደት ከሄድሼሉ ጋር 12 ግራም ነው። ኤም97ኤክስኢ 6.6 ግራም ይመዝናል፤ ለብሎኖቹ ግማሽ ግራም ሲጨመር 19.1። ኮምፕላያንሱ 25 ነው። 159 ÷ √(19.1 × 25) = 7.3 ሄርትዝ። ከሚፈለገው በታች ነው። የሹር ብሩሽ ሲወርድ ይህን ይሸፍናል፤ ብሩሽ የሌለው ምትክ መርፌ ግን ጉድለቱን ገልጦ ያሳያል። ማለትም ካርትሪጁና ክንዱ ድሮውንም በብሩሹ ዕርዳታ ብቻ ነበር የሚስማሙት። ሙሉ ካርትሪጅ መቀየር የተሻለ መሆኑ የታየው እዚህ ላይ ነው።

ካርትሪጁ እንዴት ተመረጠ?

ሁለት ዕጩዎች እስከ መጨረሻው ቆዩ፤ ሁለቱም መርፌያቸው ብቻውን የሚቀየር ነው። አንዱ ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ። 7.2 ግራም ይመዝናል፣ ኮምፕላያንሱ 20 ነው፤ በዚህ ክንድ ላይ ከብሎኖቹ ጋር ሲሰላ 8 ሄርትዝ ይሆናል። 5.5 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ሲጮህ ደስ ይላል፣ በ1.8 ግራም ይሠራል። ሌላው ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ-ቪኤም95ኤምኤል። 6.1 ግራም፣ 3.5 ሚሊቮልት፣ በ2 ግራም የሚሠራ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የኦዲዮ-ቴክኒካው የኮምፕላያንስ ቁጥር 10 ነው፤ የተለካው ግን በ100 ሄርትዝ ነው። የሹርና የኦርቶፎን ቁጥሮች በ10 ሄርትዝ የሚታሰቡ ናቸው። ለማወዳደር የጃፓኑን ቁጥር ከ1.5 እስከ 2 ማባዛት የተለመደ ነው። በ1.7 ስናባዛው 17 ይሆናል፤ 159 ÷ √(18.6 × 17) = 8.9 ሄርትዝ። ሳይባዛ ቢሰላም 11.7 ነው። የትኛውም ስሌት ቢወሰድ ከሚፈለገው ክልል አይወጣም፤ እንዲህ ያለ ምርጫ ልብ ያሳርፋል።

ቀሪው የጫፍ ቅርጽ ነው። የሬዱ ኤሊፕቲካል ጎን 8 ማይክሮሜትር ነው፤ ከአሮጌው ሹር አዲስ በነበረበት ጊዜ እንኳ ይሰፋል። የኤምኤሉ ማይክሮላይን ጫፍ ጎን 3 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ቅሬታው «መጨረሻው ዘፈን ላይ ይንጨረጨራል» ለሚል ሰው ይህ ልዩነት ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ዕድሜም አለ፤ አምራቹ ለኤሊፕቲካል መርፌዎቹ 300፣ ለማይክሮላይን 1,000 ሰዓት ይሰጣል። በቀን አንድ ሰዓት ለሚያዳምጥ፣ አንዱ አሥር ወር ሳይሞላው ያልቃል፣ ሌላው ወደ ሦስት ዓመት ይጠጋል። ማይክሮላይኑ ሲገዛ ይወደዳል፤ በሰዓት ሲካፈል ግን ብዙ ጊዜ ርካሹ እርሱ ነው። ቅሬታው ስለ ድምፅ ማነስ ወይም ስለ ባስ ቢሆን ኖሮ ሬዱን እንመርጥ ነበር።

አንድ ነገር ሊረሳ ተቃርቦ ነበር፤ ካፓሲታንስ፣ ማለትም ኬብሉና ፕሪአምፑ (የካርትሪጁን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው ዕቃ) በካርትሪጁ ላይ የሚያሳርፉት የኤሌክትሪክ ጭነት። ሹር ከ200 እስከ 300 ፒኮፋራድ ጭነት ይፈልጋል፤ ኤቲ-ቪኤም95 ከ100 እስከ 200። የክንዱ ሽቦና ኬብሉ ሲለኩ 110 ሆኑ፤ ፕሪአምፑ ለሹር ተብሎ 220 ላይ ነበር። ድምር 330። የአዲሱ ካርትሪጅ ጥቅልል 550 ሚሊሄንሪ ስለሆነ በ330 ፒኮፋራድ በ11,800 ሄርትዝ አካባቢ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ጉብታ ይፈጥራል፤ ልክ «ሰ» በምትሾልበት ሰፈር። የፕሪአምፑ ስዊች ወደ 50 ሲወርድ ድምሩ 160 ሆነ፣ ጉብታውም ወደ 17,000 ሄርትዝ ሸሸ። ይህ ባይስተካከል ባለቤቱ ውድ መርፌ ገዝቶ «ይኼም ያፏጫል» ማለቱ አይቀርም ነበር። ሁሉም ፕሪአምፕ ይህ ስዊች የለውም፤ የሌለው ሰው ብዙ ካፓሲታንስ የሚችል ካርትሪጅ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ሬዱ ከ150 እስከ 300 ይቀበላል።

ገጠማው

መርፌው ከካርትሪጁ ወልቆ ሽፋኑ ውስጥ ተቀመጠ። ካቻቪቴ የሚያንሸራትት እጅ ካንቲሊቨር የሚሰብረው በዚህ ሰዓት ነው። የዚህ ካርትሪጅ ቀዳዳዎች ጥርስ ስላላቸው ብሎኖቹ ከሄድሼሉ ላይ ወደታች በቀጥታ ይገባሉ፣ ዳዶ አያስፈልግም። መጀመሪያ ላላ ተደርገው ታሰሩ፤ አራቱ ሽቦዎችም በየቀለማቸው ተሰኩ።

መርፌው ተመልሶ ርቀቱ ተስተካከለ። በቴክኒክስ ልኬት ከሄድሼሉ የጎማ ቀለበት እስከ መርፌው ጫፍ 52 ሚሊሜትር ነው። በብዙዎች ዘንድ የተለመደው የቤየርዋልድ ልኬት መርፌው ከቦዩ ጋር ፍጹም የሚገጥምባቸውን ሁለት ነጥቦች በ66 እና በ120.9 ሚሊሜትር ያደርጋቸዋል። የቴክኒክሱ ወደ መሃል ይጠጋል። በዚህ ጉዳይ ላይ የተመረጠው የቴክኒክሱ ነው፤ ሕመሙ ያለው እዚያ ነውና። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ተራ በተራ፣ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ነው፤ አንዱ ብቻውን ከጠበቀ ካርትሪጁ ይዞራል። ለቀጭን ጫፍ ይህ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። ማይክሮላይን አንድ ዲግሪ ቢዛነፍ ጥቅሙ በከፊል ይጠፋል፤ ክብ መርፌ ይህን ይታገሣል።

ክንዱ አንቲስኬቲንጉ ዜሮ ሆኖ በአየር እስኪንሳፈፍ ተመጣጠነ። ቀለበቱ ዜሮ ላይ ከተደረገ በኋላ ወደ 2 ዞረ፤ ሚዛኑ 2.1 አሳየ፣ ወደ 2.0 ተመለሰ። ሚዛኑ የተቀመጠው መርፌው የሚያርፍበት ገጹ ከሸክላው ገጽ ጋር እኩል ከፍታ እንዲኖረው ዝቅ ብሎ ነው፤ ከፍ ካለ ቁጥሩ ይሳሳታል። የክንዱ ቁመት ሄድሼሉ ከሸክላው ጋር እኩል ትይዩ እስኪሆን ተስተካከለ። ከፊት ደግሞ ትንሽ መስታወት ከመርፌው ሥር ተደርጎ መርፌውና ምስሉ ቀጥ ያለ መስመር መሥራታቸው ታየ። አንቲስኬቲንጉ 2 ላይ ተጀምሮ፣ ጠንካራ «ሰ» ባለበት የመጨረሻ ዘፈን ሁለቱም ቻናል እኩል እስኪጠሩ ወደ 1.5 ወረደ።

የታየው ለውጥ

የድምፁ መጠን ከሹሩ በትንሹ፣ አንድ ዴሲቤል ያህል፣ ዝቅ ብሏል። ስፒከሩ ወደፊትና ወደኋላ መንቀሳቀሱን ትቷል። ጤነኛ በሆኑ ሸክላዎች ላይ መንጨርጨሩ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ጠፍቷል።

ባለቤቱ አዘውትሮ ያዳምጣቸው የነበሩ ሦስት ሸክላዎች ግን አልዳኑም። አንዱ በጣም ተሻሽሏል፤ ቀጭኑ ጫፍ አሮጌው መርፌ ያልነካውን የግድግዳ ክፍል ስለሚነካ ነው። ሁለቱ ግን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቃል ላይ ይንጨረጨራሉ፤ የተቀጠቀጠ ግድግዳ በመርፌ አይጠገንም። ባለቤቱ ይህን አስቀድሞ እንዲያውቅ መደረጉ አስፈላጊ ነበር፤ አለበለዚያ ጥፋቱን ወደ አዲሱ መርፌ ይመልሰው ነበር። አዲስ መርፌ የሚፈተነው በተወደደው ሸክላ ሳይሆን ብዙ ባልተጫወተው ነው።

ከ30 ሰዓት በኋላ ክብደቱ እንደገና ተለካ፤ 2.0 ግራም ላይ ነው። ማንጠልጠያው በትንሹ ስለለሰለሰ የክንዱ ቁመት በጥቂቱ ታርሟል። መርፌው ከእያንዳንዱ ገጽ በፊት ከኋላ ወደፊት ብቻ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። በማጫወቻው ክዳን ሥር ወረቀት ተለጥፏል፤ የተጫወተው እያንዳንዱ ገጽ በአንድ ጭረት ይመዘገባል፣ ሦስት ጭረት አንድ ሰዓት ነው። 800 ሰዓት ሲሞላ መርፌው በማጉያ ይታያል፤ ያኔ የሚገዛው መርፌው ብቻ ነው፣ ካርትሪጁም ልኬቱም ካሉበት አይነቃነቁም።